ዕቃው ሐውልት ሲሆን፤ ስለ ወንበር፣ ስለ ሸክላና ስለ መብራት የዘመናችን የንድፍ ጥበብ

፩

ዕቃና ሐውልት በሰው ልማድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕቃ የሚባለው ለአንድ አገልግሎት የተሠራውና በአገልግሎቱ የሚለካው ነው፤ በርጩማ ሰው ይቀመጥበታል፣ እንስራ ውሃ ይቀዳበታል፣ ፋኖስ ቤት ያበራል። ሐውልት ግን ቆሞ ይታያል እንጂ ሌላ ሥራ አይጠየቅም። ዕቃ ሲሰበር በሌላ ይተካል፤ ሐውልት ሲሰበር ግን ምትክ የለውም። ስለዚህም የዕቃ ሠሪ ስም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ሲቀር፣ የሐውልት ሠሪ ስም ከሥራው ጋር ተቈራኝቶ ይኖራል።

ይህ ድንበር ካለፈው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወዲህ በብዙ ስፍራ ተጥሷል። በታላላቆቹ ከተሞች ቤተ መዘክሮች ወንበር፣ ማሰሮና መብራት ከእብነ በረድና ከነሐስ ምስሎች አጠገብ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ሠሪዎቻቸውም በስም ይጠራሉ፤ ስለ ሥራቸው መጽሐፍ ይጻፋል፤ ዋጋቸውም ከቀራጭና ከሠዓሊ ሥራ ጋር ይወዳደራል። እነዚህ ሰዎች የንድፍ ባለሙያዎች ይባላሉ፤ ነገር ግን የሚነድፉት ዕቃ የቅርጽ ሥራም ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ቅርጹን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ ስማቸው ካልተጻፈላቸው የመንደር ባለ እጆች ወርሰውታል እንጂ።

ስለ ሕዝቦች ኑሮና ሥራ የሚያጠና ሰው ይህን ነገር እንደ ዘመኑ ፋሽን ቈጥሮ ሊያልፈው አይገባም። ዕቃው ከቤት ወደ አዳራሽ ሲሻገር አንድ ነገር ያገኛል፤ አንድ ነገርም ያጣል። ያገኘውንና ያጣውን ለይቶ ማወቅ የሐያሲ ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሦስት ሰዎች ሥራ ይመረመራል፤ ይኸውም የወንበር ነዳፊው የጆሞ ታሪኩ፣ የሸክላ ሠሪዋ የማግዳሊን ኦዱንዶ፣ የቀራጩና የመብራት ነዳፊው የኢሳሙ ኖጉቺ ነው። ለሦስቱም ሁለት ጥያቄ ይቀርባል። የመጀመሪያው፣ አገልግሎቱ ዛሬም ቅርጹን ይገዛዋልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለቅርጹ የተሰጠው ክብር ቅርጹ ወደ ፈለቀበት እጅ ይደርሳልን? የሚል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፪

ከወንበር መጀመር ይገባል፤ የኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱን ነውና። በጅማና በአካባቢው የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ምስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፣ መጋጠሚያም የለውም። እግሮቹ ሦስት መሆናቸው ለጌጥ አይደለም፤ የቤቱ ወለል አፈርና ወጣ ገባ ሲሆን አራት እግር ይንገዳገዳል፣ ሦስት እግር ግን በማናቸውም መሬት ላይ ረግቶ ይቆማል። መቀመጫው ጐድጐድ ማለቱም የሰውን ገላ ተከትሎ ነው። እንግዲህ በዚህ ዕቃ ላይ ዓይን የሚወደው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ገላና መሬት የጠየቁት ነገር ነው። ውበቱ ከአገልግሎቱ በኋላ የተጨመረ ሳይሆን የአገልግሎቱ መልክ ነው።

ጆሞ ታሪኩ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንያ ተወልደው በአዲስ አበባ ያደጉ፣ በአሜሪካ በካንሳስ ዩኒቨርስቲ የኢንዱስትሪ ንድፍ የተማሩ፣ በቨርጂንያ ተቀምጠው የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ሥራቸው የአፍሪካን መቀመጫዎችና ሌሎች የአፍሪካ ነገሮች መነሻ አድርጎ ለዛሬ ቤት የሚሆን ወንበር መንደፍ ነው። «ኒያላ» የተባለው ወንበር ከደጋ አጋዘን ቀንድ፣ «ሚዶ» የተባለው ከጠጕር ማበጠሪያ፣ «መቋሚያ» የተባለው ከካህናት መቋሚያ፣ «አሻንቲ» የተባለው በርጩማም በጋና ካለው የአሻንቲ ሕዝብ መቀመጫ መነሻ አግኝተዋል። የኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በኖቬምበር 2021 በከፈተው ክፍል ውስጥ የእርሳቸው ሥራ ገብቷል። ያ ክፍል የተዘጋጀው ሴኔካ ቪሌጅ ስለሚባለው የጥቍር አሜሪካውያን መንደር መታሰቢያ ነው። መንደሩ በ1850ዎቹ ዓመታት ማዕከላዊውን የከተማ መናፈሻ ለማበጀት ሲባል ፈርሷል፤ ክፍሉም መንደሩ ሳይፈርስ ቢኖር ኖሮ የነዋሪዎቹ ቤት ምን ይመስል ነበር ብሎ ያስባል። በ2022 ለሕዝብ በቀረበው «ብላክ ፓንተር፤ ዋካንዳ ፎርኤቨር» በተባለው ፊልምም ወንበሮቻቸው ታይተዋል።

ከእነዚህ ሥራዎች በሐሳብ የጠነከረው «መቋሚያ» ነው። መቋሚያ ስሙ እንደሚናገረው ለመቆም የሚረዳ በትር ነው። በራሱ ላይ አግድም እጀታ አለው፤ ደብተራውና ካህኑ በረጅሙ ሌሊት ማኅሌት ደረታቸውን ወይም ብብታቸውን አስደግፈው ያርፉበታል። ይህን በትር ወደ ወንበር መለወጥ ውጪው ሲታይ የተቃረነ ነገር ይመስላል፤ የመቆሚያ መሣሪያ እንዴት የመቀመጫ መሣሪያ ይሆናል? ነገር ግን ሁለቱ በመሠረታቸው አንድ ሥራ አላቸው፤ ሁለቱም የደከመን ገላ ክብደት ከገላው ተቀብለው ወደ መሬት ያወርዳሉ። ነዳፊው ያዩት ይህን ዝምድና ነው። የወሰዱት የበትሩን ምስል ብቻ ሳይሆን የበትሩን ሥራ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጋር የሚዛመደው በመልክ ብቻ ሳይሆን በባሕርይም ነው።

ይህ ማለት ግን መቋሚያው ሁለንተናውን ይዞ ተሻገረ ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ መደገፊያ ብቻ አይደለም። በዝማሜ ጊዜ ከዜማው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወዲህና ወዲያ ይዘነበላል፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ጊዜን ይቈጥራል። ወንበሩ የዕረፍቱን ክፍል ወስዶ የእንቅስቃሴውን ክፍል ትቷል። ይህ ለነዳፊው ነቀፋ አይደለም፤ ወንበር አይዘምምምና። ለተመልካቹ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ወንበሩን አይቶ መቋሚያን ያወቀ የሚመስለው ሰው ግማሹን ብቻ ዐውቋል።

«ኒያላ» ከዚህ ይለያል። ቀንድ የእንስሳው መከላከያ እንጂ የማንም ማረፊያ አይደለም፤ እንግዲህ ቀንዱ ወደ ወንበር የመጣው በሥራው ሳይሆን በመልኩ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ከጀርባ ቀድሟል። ሥራው ያማረ መሆኑ አይካድም። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የማይገኝ እንስሳ ስለሆነ፣ ምስሉ የአገርን ትዝታ ይሸከማል። ቢሆንም ከጅማው በርጩማ ጋር ሲነጻጸር አንድ ልዩነት አለ፤ የበርጩማውን ቅርጽ ሊቀመጥበት የመጣው ሰው ጠየቀው፣ የ«ኒያላ»ን ቅርጽ ግን አስቀድሞ የጠየቀው ተመልካቹ ነው። «ሚዶ»ም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ማበጠሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ተልቆ የወንበር መልክ ሲሰጥ የሚቀርለት መልኩና ከጥቍር ሕዝብ ጠጕር ጋር ያለው የክብር ትርጕም ነው። ትርጕሙ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ትርጕምን የሚሸከም ወንበርና ሰውን የሚሸከም ወንበር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ዕቃው ሐውልት የሆነው ግን በዘመናችን ቤተ መዘክር ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የአሻንቲ ሕዝብ የወርቅ መቀመጫ የሕዝቡን ነፍስ የያዘ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ንጉሡም እንኳ አይቀመጥበትም። በ1900 የእንግሊዝ ገዥ የነበረው ፍሬድሪክ ሆጅሰን መቀመጫው ይቅረብልኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ያ ጥያቄ በያ አሳንቴዋ የተመራውን ጦርነት አስነሣ። እንግዲህ «የማይቀመጡበት መቀመጫ» የሚለው ሐሳብ ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ስፍራ ላይ ነው። በአሻንቲ ዘንድ መቀመጫው ሰው የማይቀመጥበት፣ ሕዝቡ ሁሉ በእርሱ ስለ ተቀመጠ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን ሰው የማይቀመጥበት ጠባቂው ስለሚከለክል ነው። የመጀመሪያው ከአገልግሎት በላይ የሆነ አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው ከአገልግሎት መነጠል ነው።

፫

ወደ ሸክላ ሲመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሸክላ በብዙ የአፍሪካ አገር የሴት እጅ ሥራ ነውና፣ በኢትዮጵያም ሠሪዋን ሲያስንቅ የኖረ ሙያ ነውና።

ማግዳሊን ኦዱንዶ በ1950 በናይሮቢ ተወለዱ። በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ተማሩ፤ በ1982ም ከሎንዶን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በማስትሬት ተመረቁ። ከዚያ በፊት ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ናይጄርያ ተጕዘው በአቡጃ የሸክላ ማእከል ሥራ ተምረዋል። ያን ማእከል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋመው እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ነው፤ ከሠራተኞቹ ሁሉ ስማቸው የገነነው ግን ከግዋሪ ሕዝብ የተወለዱት ላዲ ኳሊ ናቸው። ማእከሉ በኋላ በእርሳቸው ስም ተጠርቷል፤ ዛሬም በናይጄርያ የ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ላዲ ኳሊ ማሰሮ ሲሠሩ የሚያሳይ ሥዕል ይታያል።

የላዲ ኳሊ ታሪክ ለዚህ ጥናት ልዩ ትምህርት አለው። በመንደራቸው የሚሠሩት የውሃ ማሰሮ ያልተለበጠ ስለ ነበረ ውሃውን በቀስታ ወደ ውጭ ያረጥበዋል፤ እርጥበቱ በነፋስ ሲተን በውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ይህ የማሰሮው ጥበብ ነው። በማእከሉ ግን ያው ቅርጽ ብርጭቆ መሳይ ልባጥ ተቀብቶ በከፍተኛ ሙቀት ተተኰሰ። ልባጡ ማሰሮውን አጠነከረው፣ አሳመረው፣ ለአውሮፓ አዳራሽም አበቃው፤ ነገር ግን እርጥበት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ስለ ደፈነው ማሰሮው ውሃ ማቀዝቀዙን ተወ። ዕቃው ወደ ሐውልት የተሻገረበት ጊዜ በዓይን የማይታይ ቢሆንም በኬሚያው ተጽፏል።

ኦዱንዶ የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። እርሳቸው መንኰራኵር አያዞሩም፤ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ይደራርባሉ፣ ግድግዳውን እየሳቡና እየፋቁ ያቀጥናሉ፣ በውሃ የቀጠነ ንጹሕ አፈር ይቀቡታል፣ ከዚያም እስኪያንጸባርቅ ድረስ ደጋግመው ያሹታል። ልባጥ የሚባል ነገር አይነካውም። ማሰሮው አየር በሚገባበት እሳት ሲተኰስ የቀይ ብርቱካን መልክ ይይዛል፤ አየር በተከለከለበትና ጭስ በታፈነበት እሳት እንደ ገና ሲተኰስ ጥቍር ይሆናል። አንዳንዱ ሥራ በሁለቱ መካከል ሆኖ ከቀይ ወደ ጥቍር እንደ ደመና ያልፋል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ጀበና በጭስ ጠቍሮ መውጣቱን ከሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ያየ ሁሉ ያውቀዋልና።

ይሁን እንጂ በኦዱንዶ ማሰሮ ውሃ አይቀዳም። አንገቱ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ሆዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ በጀርባው ላይ እንደ አከርካሪ አጥንት ትንንሽ ጕብታዎች ይታያሉ። ማሰሮው ሴት ይመስላል፤ ነገር ግን ሴት አይደለም፣ ማሰሮ ነው። የሥራው ኀይል ከዚህ ላይ ነው። ሰው ማሰሮን በገላው ስም መጥራቱ የቈየ ልማድ ነው፤ በአማርኛም የእንስራ አፍ፣ አንገት፣ ሆድ፣ የማሰሮም ጆሮ ይባላል። ኦዱንዶ ይህን በቋንቋ ውስጥ የተኛ ምሳሌ ቀስቅሰው በጭቃ አቆሙት።

ታዲያ አገልግሎቱ ከጠፋ ለምን አፉን አልዘጉትም? አፉ ቢዘጋ ሥራው ያለ ጥርጥር ሐውልት ይሆን ነበር። ክፍት መሆኑ ግን ተመልካቹን ስለ ውስጡ ባዶነት እንዲያስብ ያስገድደዋል። ማሰሮ ማለት ግድግዳው አይደለም፤ ግድግዳው የከበበው ባዶ ስፍራ ነው። ውሃ ባይቀዳበትም መቅዳት መቻሉ በቅርጹ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ አገልግሎቱ ቆሟል፣ የአገልግሎቱ ሕግ ግን አልተሻረም የሚል ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይከብዳል። ኦዱንዶ በ2018 የተማሩበት የፈርናም ኮሌጅ የተዋሐደበት ዩኒቨርስቲ ቻንስለር ሆኑ፤ በ2020ም ከእንግሊዝ መንግሥት «ዴም» የተባለውን የክብር ማዕረግ ተቀበሉ። በ2019 በዌክፊልድ ከተማ በሄፕወርዝ ቤተ መዘክር በቀረበው ትዕይንታቸው፣ ከራሳቸው ማሰሮዎች ጎን ከብዙ አገርና ዘመን የተሰበሰቡ ዕቃዎችን አስቀምጠው ነበር። ይህ የመምህራንን ዕዳ በአደባባይ የመክፈል ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል።

ነገር ግን ያው ጥበብ በሌላ ስፍራ ምን ዋጋ እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በቀጨኔ፣ በጎንደር አጠገብም በወለቃ ሴቶች ጭቃ ሲያቦኩ፣ ያለ መንኰራኵር ሲያንጹና ሲተኵሱ ኖረዋል። ሸክላ ሠሪን በቡዳነት መጠርጠር፣ ከእርሱ ጋር ጋብቻን መሸሽ፣ ሙያውንም ለስድብ ማዋል የኅብረተሰቡ የቈየ ነውር ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ መነገሩ፣ ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዐዋጁ ስድቡን ቢያወግዝም ንቀቱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። እንግዲህ በጭስ የጠቈረ ማሰሮ በሎንዶን በመስታወት ውስጥ ሲከበር፣ በጭስ የጠቈረ ጀበና የሠራች ሴት ጎረቤቶቿ ዓይኗን የሚፈሩባት ሆና ኖራለች። ቅርጹ ንጹሕ፣ እጁ ርኩስ ተባለ። ይህ ተቃርኖ የኦዱንዶ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራቸውን የሚያደንቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

፬

ሦስተኛው ዕቃ መብራት ነው። ኢሳሙ ኖጉቺ በ1904 በሎስ አንጀለስ ከጃፓናዊ ባለ ቅኔና ከአሜሪካዊት ጸሓፊ ተወለዱ። በ1927 በፓሪስ የቀራጩ የኮንስታንቲን ብራንኩሲ ረዳት ሆነው ሠሩ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1988ም ድረስ ድንጋይን፣ ብረትንና እንጨትን ሲቀርጹ ኖሩ። በ1944 የነደፉት ጠረጴዛ በዓለም የታወቀ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት የእንጨት ክፍሎች፣ አንዱ ተገልብጦ ከሁለተኛው ጋር ተያይዞ፣ ከላይ ወፍራም መስታወት ይሸከማሉ። በዚህ ሥራ ላይ የቅርጽ ሰውነታቸው ከነዳፊነታቸው አይለይም።

በ1951 ኖጉቺ ወደ ጃፓን ሲሄዱ ጊፉ በምትባለው ከተማ አደሩ። በናጋራ ወንዝ ላይ ሰዎች በሌሊት በእሳት ብርሃንና በሠለጠኑ ወፎች ዓሣ የሚያሠግሩባት ይህች ከተማ በወረቀት ፋኖስ ሥራ የታወቀች ነበረች። የፋኖሱ ሙያ ግን ተዳክሞ ስለ ነበረ፣ የከተማዋ ሹም ሙያውን ለማነቃቃት እንዲረዱ ኖጉቺን ለመኗቸው። ከዚያ የተወለዱት «አካሪ» የተባሉት መብራቶች ናቸው፤ ቃሉ በጃፓን ቋንቋ ብርሃን ማለት ነው። ኖጉቺ በሕይወታቸው ዘመን ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶችን ነደፉ።

አሠራሩ የቈየው አሠራር ነው። በእንጨት ቅርጽ ላይ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ይጠመጠማል፤ ኮዞ ከሚባለው ዛፍ ልጥ የተሠራ ወረቀት በላዩ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ የውስጡ እንጨት ክፍል በክፍል ተፈታትቶ ይወጣል። የሚቀረው ወረቀትና ቀርከሃ ብቻ ነው፤ ታጥፎ በጠፍጣፋ ሣጥን ይላካል፣ ሲዘረጋም ይቆማል። ኖጉቺ የለወጡት ሁለት ነገር ነው፤ በሻማ ፈንታ የኤሌክትሪክ አምፑል አስገቡ፣ ከልማዱ ክብ ቅርጽም ወጥተው ዓምድ፣ ድርብርብና ጠማማ ቅርጾችን ጨመሩ።

እነዚህ መብራቶች ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሦስቱ ሁሉ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ። ያልበራ «አካሪ» ባዶ የወረቀት ከረጢት ነው። ሲበራ ግን ወረቀቱ ክብደቱን ያጣል፣ የቀርከሃው መሥመር ይታያል፣ ቅርጹም በዚያች ሰዓት ይወለዳል። እንግዲህ የቅርጽ ሥራው የሚፈጸመው አገልግሎቱ ሲፈጸም ነው፤ አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም። ወንበር ሰው ሳይቀመጥበትም ይታያል፣ ማሰሮ ውሃ ሳይኖርበትም ይታያል፤ መብራት ግን ካላበራ አይታይም። በ1986 ኖጉቺ አሜሪካን ወክለው በቬኒስ በዓለ ሥነ ጥበብ ላይ በቀረቡ ጊዜ፣ ከእብነ በረድ ሥራቸው ጋር «አካሪ»ን ማሳየታቸውና ለትዕይንቱም «የቅርጽ ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ስም መስጠታቸው ይህን ዐውቀው እንደ ሆነ ያስረዳል። ርካሽ የወረቀት መብራት ከታላቅ ድንጋይ ጋር እኩል ሊቆም ይችላል ማለታቸው ነበርና።

ለሁለተኛው ጥያቄም ታሪኩ መልካም ክፍል አለው። መብራቱ ዛሬም የሚሠራው በዚያችው በጊፉ፣ ከ1891 ጀምሮ በቆየው በኦዜኪ የፋኖስ ቤት ነው። የነዳፊው ዝና ሙያውን ከስፍራው አልነቀለውም፤ የደከመውን እጅ መልሶ ሥራ ሰጠው እንጂ። ሆኖም እዚህም ላይ ጥላ አለ። የዓለም ተመልካች የሚያውቀው የኖጉቺን ስም ነው፤ ቀርከሃውን የሚጠመጥመውና ወረቀቱን የሚለጥፈው ሰው ስም አይታወቅም። የወረቀት መብራት አስመሳይም በየገበያው ስለ በዛ፣ ብዙ ሰው ቅርጹን በቤቱ ሰቅሎ መነሻውን ጭራሽ አያውቅም።

፭

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው እንዲህ ይላል፤ ዕቃ በአገልግሎት እያለቀ ይጠፋል፣ ቤተ መዘክር ባይቀበለው ኖሮ ቅርጹም ትዝታውም በጠፋ ነበር፤ ስለዚህ ሐውልት መሆኑ መዳኑ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በርጩማን የሚያድነው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠው አንድ በርጩማ አይደለም፤ ሌላ በርጩማ መፈልፈል የሚችል እጅ ነው። የጊፉ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ዕቃውን ብቻ የሚጠብቅ ክብር የመቃብር ክብር ነው፤ ሙያውን የሚጠብቅ ክብር ግን ሕይወት ያለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ስም ነው። የመንደር ባለ እጅ ስሙን አልፈለገም፣ ሥራው የሕዝብ ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም ይባላል። ይህ አባባል በሊቃውንት ዘንድ ለብዙ ዘመን የቈየ ቢሆንም በማስረጃ ተሽሯል። በ1924 በዌምብሌ በተደረገው የእንግሊዝ ግዛቶች ትዕይንት ላይ ከናይጄርያ ከኢኬሬ ቤተ መንግሥት የመጣ የተቀረጸ በር ቀርቦ ተደነቀ፤ የብሪትሽ ቤተ መዘክርም ወሰደው። ቀራጩ ግን ከኢሴ ከተማ የሆነው ኦሎዌ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ አገሩ ድረስ ሄዶ የጠየቀ ሰው ሲገኝ ነው። በዮሩባ ምድር ስሙ አልጠፋም ነበር፤ ለራሱ ሰዎች የታወቀና የተመሰገነ ነበረ። የጠፋው ስሙ አይደለም፣ ጥያቄው ነው።

ይህ ነገር የነዳፊዎችንና የቤተ መዘክሮችን ብቻ ሳይሆን የሕዝቦችን ኑሮ የሚያጠኑትን ሰዎችም ይነካል። አጥኚ በርጩማን ከባለቤቱ ገዝቶ፣ «በርጩማ፤ እንጨት፤ ጅማ» ብሎ ካርድ ሲጽፍ፣ ዕቃውን ከአገልግሎቱም ከሠሪውም በአንድ ጊዜ ይነጥለዋል። ነዳፊው ኋላ ወደዚያ ካርድ መጥቶ ቅርጹን ሲወስድ የሚያመሰግነውን ሰው ስም አያገኝም፤ ክብሩም በግድ ለሕዝብ፣ ለክፍለ ሀገር ወይም «ለአፍሪካ» በደፈናው ይሰጣል። በደፈናው የተሰጠ ክብር ደግሞ ማንንም አይመግብም። ጆሞ ታሪኩ የታወቁ የቤት ዕቃ ድርጅቶች ከሚያቀርቧቸው ሥራዎች መካከል በጥቍር ነዳፊዎች የተሠሩት ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ቈጥረው በ2020 አሳይተዋል። ይህ ቍጥር የነዳፊዎችን ስም ማጣት ያሳያል። ከነዳፊዎቹ በታች ያሉት የፈልፋዮችና የሸክላ ሠሪዎች ስም ግን እስከ ዛሬ ቈጣሪ እንኳ አላገኘም።

፮

ሦስቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ፍርዱ ግልጽ ይሆናል። ዕቃ ሐውልት መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ቅርጹ ከአገልግሎቱ የተማረውን ሕግ ሲረሳ ነው። «መቋሚያ» የበትሩን ሥራ ስላስታወሰ ጸንቶ ይቆማል፤ «ኒያላ»ና «ሚዶ» ከሥራ ይልቅ መልክን ስለ ተከተሉ በትርጕማቸው ይኖራሉ። የኦዱንዶ ማሰሮ ውሃ ባይዝም አፉን ስላልዘጋ ማሰሮነቱን አላጣም። «አካሪ» ደግሞ ሲያገለግል ብቻ ስለሚታይ ዕቃና ሐውልት አንድ የሆኑበት ሥራ ነው።

በክብሩ ፍርድ ላይ ግን ሦስቱም ከአንድ በር ላይ ይቆማሉ። ነዳፊው የወረሰውን ሊመሰክር ይችላል፤ የወረሰውን ሰው ስም ግን ያልተመዘገበ ከሆነ ሊጠራው አይችልም። ያን መመዝገብ የነዳፊው ሥራ አይደለም፤ የአጥኚው ነው። ዛሬ በጅማ እንጨት የሚፈለፍሉ፣ በቀጨኔ ጭቃ የሚያቦኩ ሰዎች በሕይወት አሉ። ወደ እነርሱ የሚሄድ ተማሪ የዕቃውን ልክ ከመለካቱ አስቀድሞ የሠሪውን ስም፣ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ፣ እንጨቱን ወይም አፈሩን ከየት እንደሚያመጣ፣ እያንዳንዱንም መሣሪያና የሥራ ደረጃ በራሱ ቋንቋ ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጻፍ። በርጩማውንም ከመግዛቱ በፊት ይቀመጥበት።